ከነፍስ አድን ጀልባ ጡረታ ወጣሁ፤ አሁን ምን ልሁን? ማንንስ ልውደድ?

ጥያቄው እነሆ። ደብዳቤው ረጅም ስለነበር አሳጥሬዋለሁ።

«ዕድሜዬ 61 ነው። ከወሎ ተነስቼ በ18 ዓመቴ ባሕር ኃይል ገባሁ። ምጽዋ ነበርኩ፤ በኋላ አሰብ። ምጽዋ እያለሁ ዋና የማይችሉ ምልምሎችን አስተምር ነበር። እንደዚያ የሳቅሁበት ጊዜ ትዝ አይለኝም። በ1983 ዓ.ም. ግንቦት ላይ መርከቦቻችን ወደ የመን ሲሸሹ አንዷ ላይ ነበርኩ። ከብዙ መንከራተት በኋላ ኖርዌይ ደረስኩ። ጥቂት ዓመት ዓሣ አጠመድኩ። ከዚያ 22 ዓመት በምዕራቡ ጠረፍ በነፍስ አድን ጀልባ ሠራሁ። ዓምና ጡረታ ወጣሁ። እስከ ዛሬ ሌሊት 9 ሰዓት ላይ እነቃለሁ፤ የሚጠራኝ ሬዲዮ ግን የለም። ከሚስቴ ከተፋታን 9 ዓመት ሆነን። ሁለት ሴቶች ልጆቼ ራሳቸውን ችለዋል። ከፍቺው በኋላ ሁለት ሴቶችን ወድጄ ነበር። ሁለቱም ከባድ ችግር ላይ ነበሩ። የአቅሜን አደረግሁ። ሲቃናላቸው ሄዱ። በወር አንዴ ማኅበር ላይ የማገኛት፣ ባሏ የሞተባት ነርስ አለች። ደህና ሰው ናት፤ ግን ከእኔ የምትፈልገው ነገር ያለ አይመስለኝም። ዘመዶቼ አዲስ አበባ መጥተህ ልጅ እግር አግባ ይሉኛል። ለምን እንደምኖር ካላወቅሁ ማግባቱ ምን ያደርግልኛል? የቱን ላስቀድም? ሥራ ነው ወይስ ፍቅር?»

ጋሼ፣ መልሱን ያዘገየሁት አንድ ነገር ስፈልግ ነው። ከውሃ ያወጧቸውን ሰዎች ጽፈውልኛል። ገንዘብ እየላኩ ያስተማሯቸውን የወንድምና የእህት ልጆች ጽፈዋል። ሁለቱን ሴቶች እንዴት እንዳገዟቸው ጽፈዋል። እርስዎን ማን እንዳገዘዎት የሚናገር መስመር ግን አላገኘሁም። ሦስት ጊዜ አነበብኩት፤ የለም። መልሴ በሙሉ ከዚህች ከጎደለችው መስመር ይነሳል።

በሥነ ልቦና አማካሪነት ስሠራ ብዙ ጊዜ የማገኛቸው እንደ እርስዎ ያሉ ጡረተኞች ናቸው። ወታደሮች፣ እሳት አጥፊዎች፣ የአምቡላንስ ሠራተኞች። አብዛኞቹ «ምን እንደሆንኩ አላውቅም፣ ምንም አልጎደለኝም» ብለው ነው የሚጀምሩት። የሆኑት ነገር ሐዘን ነው። ለቅሶ ያልተቀመጡለት ሐዘን። ሰው ሲሞት ድንኳን ይተከላል። እድር ይመጣል። ለቀናት ጎረቤት አጠገብዎ ያድራል። ሥራ ሲያልቅ ግን ኬክ ተቆርሶ ፎቶ ይነሳል፤ በማግሥቱ ቤት ውስጥ ብቻዎን ነዎት። «እንኳን ደስ አለህ» የተባለ ሰው ደግሞ ማልቀስ ያፍራል።

ክብደቱን በቁጥር ላሳይዎት። እ.ኤ.አ. በ1967 ሆልምስና ራሄ የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን የሥነ አእምሮ ሐኪሞች 43 የሕይወት ለውጦችን እንደ ክብደታቸው ደረደሩ። የትዳር ጓደኛ ሞት 100 ነጥብ ተሰጠው። ፍቺ 73። ጡረታ 45፤ ከሁሉም 10ኛው ነው። ጋብቻ ስንት የተሰጠው ይመስልዎታል? 50። ደስታም ሸክም አለውና። እርስዎ ዓምና 45ቱን ተሸክመዋል፤ ገና አላወረዱትም። ዘንድሮ 50 ቢጨምሩበት 95 ሊሆን ነው። የትዳር ጓደኛ ከመቅበር ጋር ለመስተካከል 5 ብቻ ይቀረዋል ማለት ነው። እርግጥ ነጥብ የእያንዳንዱን ሰው ልብ አይለካም። ግን ዘመዶችዎ በአንድ ክረምት ጠርተው ሊድሩዎት ሲያስቡ ይህችን ሂሳብ አላሰቧትም። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ያሉት አባቶች ግን ያወቋት ይመስለኛል።

ሌሊት 9 ሰዓት ላይ መንቃትዎ ብቻውን አያስፈራኝም። ሰውነትዎ 22 ዓመት ተረኛ ነበር። ጡረታ መውጣቱን ማንም አልነገረውም። እኔን የሚያሳስበኝ ሲነቁ የሚያዩት ነገር ነው። ዝምታ ብቻ ከሆነ በጊዜ ይረግባል። በየጠዋቱ በተመሳሳይ ሰዓት ይነሱ፤ ብርሃን ይዩ፤ በእግርዎ ይሂዱ፤ ቀን አይተኙ። የአንድ ሰው ፊት የሚመጣብዎት ከሆነ ግን፣ ያልደረሱለት ሰው ድምፅ የሚሰማዎት ከሆነ፣ ሄሊኮፕተር ባለፈ ቁጥር ልብዎ የሚመታ ከሆነ፣ ወይም እንቅልፍ ያለ መጠጥ እምቢ ካለዎት፣ ይህን ለፋስትሌገዎ፣ ማለትም ለመደበኛ ሐኪምዎ፣ ይንገሩ። ለእኔ በጻፉበት ቃል ይንገሩት። ሐኪሙ ወደ ሥነ አእምሮ ክሊኒክ ሊመራዎት ይችላል። ሕክምናው አለ፤ ይሠራልም።

ይህን አጥብቄ የምለው ያሉበት አገር ብዙ ከፍሎ ስለተማረው ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት በአስር ሺዎች የሚቆጠሩ የኖርዌይ የንግድ መርከበኞች በቶርፔዶ መሀል ነዳጅና ስንቅ አመላልሰዋል። የጓደኞቻቸው መርከብ ሲጋይ አይተው፣ መቆም አይፈቀድምና፣ ትተው አልፈዋል። ሲመለሱ ማንም አልጠየቃቸውም። እነሱም አልተናገሩም። ብዙዎቹ በቅዠትና በመጠጥ ኖሩ። ለጦርነቱ አገልግሎታቸው ይገባናል ያሉት ገንዘብ የተከፈላቸው እ.ኤ.አ. በ1972 ነው። መንግሥት በይፋ ይቅርታ የጠየቃቸው በ2013። ያን ጊዜ ስንቶቹ በሕይወት ነበሩ? እርስዎ ሰው እስኪጠይቅዎት አይጠብቁ።

አሁን ወደ ጥያቄዎ ልግባ። የቱን ላስቀድም ብለዋል። ፍለጋ እንዴት እንደሚጀመር ግን ከእኔ በላይ የሚያውቁት እርስዎ ነዎት። ባሕር ላይ ሰው ሲጠፋ ጀልባው ተነስቶ በዘፈቀደ አይዞርም። መጀመሪያ ሰውየው ለመጨረሻ ጊዜ የታየበት ቦታ ይያዛል። ቀጥሎ ነፋሱና የውሃው ፍሰት በዚያን ያህል ሰዓት ወዴት ሊወስደው እንደሚችል ይሰላል። ከዚያ ፍለጋው ከዚያች ነጥብ ይነሳና በካሬ ቅርጽ እየሰፋ ይሄዳል። እርስዎ አሁን እየፈለጉ ያሉት ራስዎን ነው። ታዲያ ለመጨረሻ ጊዜ የታዩት የት ነው?

እኔ ደብዳቤዎ ውስጥ ያየሁዎት አንድ ቦታ ብቻ ነው። ምጽዋ፣ ውሃው ደረትዎ ድረስ ደርሶ፣ የደገኛ ልጅ ሆዱን በመዳፍዎ ደግፈው «እግርህን ምታ!» ሲሉት። ዝርዝሩ የራሴ ግምት ነው፤ መሳቅዎን ግን እርስዎ ነዎት የጻፉት። ሌላው ገጽ ሁሉ ላይ ሳቅ የለም። ያች ነጥብ ናት ብዬ አምናለሁ። ፍለጋውን ከዚያ ይጀምሩ።

አንድ ነገር ሁሌ ይደንቀኛል። ባሕር ኃይላችን እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ ሲቋቋም ካደራጁትና ካሠለጠኑት መኮንኖች መካከል ኖርዌጂያኖች ነበሩ። እርስዎ ገና አልተወለዱም። ምጽዋ ላይ የተማሩት የባሕር ሥራ ከፊሉ ዛሬ መስኮትዎ ሥር ካለው ጠረፍ የሄደ ነው። አሁን ተራው ወደዚህ መመለስ ሳይሆን አይቀርም።

ማንን ያስተምራሉ? እዚያው ያሉትን የእኛን ሰዎች። በበጋ ወደ ባሕሩ ዳር ይውረዱና ይመልከቱ። ልጆቹ በትምህርት ቤት ዋና ስለሚማሩ ይዘላሉ። እናቶቻቸው ፎጣ ይዘው ዳር ይቆማሉ። አባቶች ጀልባ ላይ ላይፍ ጃኬቱን «ይሞቃል» ብለው ያወልቃሉ። አዲስ የመጡ ወጣቶች ከጓደኛ ላለማነስ ብለው ይገባሉ። ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል የሚባለው እንዲህ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው እ.ኤ.አ. በ2021 በዓለም ላይ ወደ 300 ሺህ የሚሆን ሰው ሰምጦ ሞቷል። ከአስሩ ዘጠኙ የሞቱት እንደ እኛ ባሉ ድሃና መካከለኛ ገቢ ባላቸው አገሮች ነው። በዚያው ዓመት የተባበሩት መንግሥታት ሐምሌ 18 ቀንን የመስጠም አደጋ መከላከያ ቀን ብሎ ሰየመው።

እርስዎ የሚያውቁትን ነገር ደግሞ በአማርኛ የሚናገር ሰው በጣም ጥቂት ነው። ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ የወደቀ ሰው መጀመሪያ አንዲት ደቂቃ አለችው፤ በዚያች ደቂቃ ሥራው ትንፋሹን መቆጣጠር ብቻ ነው። ቀጥሎ እጅና እግሩ የሚታዘዙለት 10 ደቂቃ ያህል ነው። ቅዝቃዜው ራሱን እስኪያስተው ድረስ ግን 1 ሰዓት ገደማ አለ፤ ላይፍ ጃኬት ካጠለቀ። 1፣ 10፣ 1። ይህን አንዲት እናት ብታውቅ ልጇ ሲወድቅ አትደነግጥም አልልም፤ ምን እንደምታደርግ ግን ታውቃለች። እርስዎ ይህን በአማርኛ፣ ምናልባትም ከምጽዋ በያዙት ትግርኛ፣ በአንድ ከሰዓት ሊያስረዱ ይችላሉ። ለዚህ ገንዳም አያስፈልግ፤ ከቅዳሴ በኋላ ያለው የቡና ሰዓት ይበቃል።

ዋናውን ለማስተማር ግን የአሠልጣኝ ኮርስ ይውሰዱ። «22 ዓመት ሠርቼ ምን ኮርስ?» እንዳይሉ። ሰው ማውጣትና ሰው ማስተማር ይለያያሉ። ሴቶቹ ከሴት አሠልጣኝ ጋር ነው ዘና የሚሉት፤ ስለዚህ አንዲት ሴት አሠልጣኝ አብራዎት ብትሆን ይሻላል። ኮሙናዎ (ማዘጋጃ ቤትዎ) የበጎ ፈቃድ ማእከል ካለው እዚያ ይጠይቁ። ከ1891 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የኖረው የኖርዌይ የባሕር ነፍስ አድን ማኅበርም በበጎ ፈቃደኞች የሚሠሩ ጀልባዎች አሉት። ጎረቤቶችዎ ዱግናድ የሚሉት ነገር የእኛው ደቦ ነው። ደቦ ደግሞ ያውቃሉ፤ የወሎ ሰው ነዎት።

ይህን ሥራ የመረጥኩልዎት ሌላም ምክንያት አለኝ። ዋና ያስተማሩት ሰው ሲችል እጅዎን ይለቃል። መልቀቁም ደስ ይልዎታል። ይህን ደስታ መልመድ አለብዎት፤ ወደ ፍቅሩ የምንሻገረው በእሱ በኩል ነው።

ስለ ሁለቱ ሴቶች የጻፉት ቅሬታ ገብቶኛል። ተጠቀሙብኝ ብለው አልጻፉም፤ ግን እንደዚያ ተሰምቶዎታል። እኔ በሌላ ዓይን ልየው። ውሃ የወሰደው ሰው አረፋ ይጨብጣል ይባላል። እርስዎን ስንት ሰው አንገትዎ ላይ ተጠምጥሞ እንደጨበጠዎት ያውቁታል። ያ አጨባበጥ ከፍቅር ይልቅ ይጠነክራል። ግን ስለ እርስዎ አልነበረም፤ ስለ አየር ነበር። ወደብ ስትደርሱ እጅዎን ስመው፣ አልቅሰው፣ ብርድ ልብሱን ጠቅልለው ሄዱ። አንዱን እንኳ «ለምን ከጀልባው ወረድክ?» ብለውት አያውቁም። ሁለቱ ሴቶችም ዳኑ። የዳነ ሰው ይወርዳል። ክፉ ስለሆኑ ነው ብዬ አላምንም። እርስዎም ሞኝ ስለነበሩ አይደለም። ሰው የሚያውቁበት በር አንድ ብቻ ስለነበረ ነው፤ በጭንቅ የሚገባበት በር።

አንድ ጥናት ልንገርዎት። እ.ኤ.አ. በ1974 ደተንና አሮን የተባሉ ሁለት የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች ያሳተሙት ነው። ካናዳ ውስጥ፣ ቫንኩቨር አጠገብ፣ ካፒላኖ የሚባል የሚወዛወዝ ተንጠልጣይ ድልድይ አለ። ከታች እስከ ወንዙ 70 ሜትር ገደማ ነው። ድልድዩን የሚሻገሩ ወንዶችን አንዲት ሴት አስቁማ ጥያቄ ትጠይቃቸዋለች፤ ስልክ ቁጥሯንም ትሰጣቸዋለች። ያችው ጠያቂ ዝቅ ባለና በማይነቃነቅ ሌላ ድልድይ ላይም እንዲሁ አደረገች። በኋላ የደወሉላት በብዛት ከሚያስፈራው ድልድይ የመጡት ናቸው። ተመራማሪዎቹ ያሉት፣ በፍርሃት የሚመታ ልብ ለሴትየዋ የሚመታ ይመስለዋል ነው።

ጋሼ፣ እርስዎ 22 ዓመት እዚያ ድልድይ ላይ ኖረዋል። ከዚያ በፊትም ጦርነትና ስደት ነበር። ልብዎ ፍቅርን የሚያውቀው ከአደጋ ጋር ተደባልቆ ነው። ስለዚህ ምንም ያልጎደላት፣ የተረጋጋች ሴት አጠገብዎ ስትቀመጥ ልብዎ ዝም ይላል። እርስዎም «ምንም አልተሰማኝም» ይላሉ። እስቲ የጻፉትን መልሰው ያንብቡት። «ደህና ሰው ናት፤ ግን ከእኔ የምትፈልገው ነገር ያለ አይመስለኝም።» ይህችን «ግን» ምን አመጣት? ምንም የማትፈልግ ሴት እርስዎን ብቻ ልትፈልግ አትችልም?

ነርሷን ያግቡ እያልኩ አይደለም። እሷ ስለ እርስዎ ምን እንደምታስብ አናውቅም፤ የባሏ ሐዘንም ገና ሊኖርባት ይችላል። የምለው፣ ልብ ዝም ሲል ፍቅር የለም ብለው ቶሎ አይዝጉት ነው። ጊዜ ይስጡት። ጊዜ ስል በሰዓት ነው። እ.ኤ.አ. በ2018 ጄፍሪ ሆል የተባለ የካንሳስ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪ ሁለት ሰዎች የቅርብ ወዳጅ ለመሆን ስንት ሰዓት አብረው ማሳለፍ እንዳለባቸው አጥንቶ ነበር። ከ200 ሰዓት በላይ ነው ያገኘው። በወር አንድ ማኅበር፣ ሦስት ሦስት ሰዓት ቢሆን፣ ዓመቱን ሙሉ 36 ሰዓት ነው። 200 ለመሙላት ከአምስት ዓመት ይበልጣል! ሌላ ቀን መፈለግ አለበት ማለት ነው። ጸበል ጸዲቅ ካለቀ በኋላ «እሑድ ከሰዓት በባሕሩ ዳር በእግሬ እሄዳለሁ፤ ደስ ካለሽ ነይ» ማለት ይበቃል። እምቢ ካለች የእግር ጉዞው አይቀርም። እሺ ካለች ደግሞ ስለ ማዕበል ብዙ አይተርኩላት። እሷም ሰው ሲሞት ያየች ናት። ስለ ወሎ ይንገሯት። ስለ እናትዎ።

የአዲስ አበባውን ሐሳብ ባጭሩ ልመልስ። በ30 ዓመት የምታንስዎት ልጅ ብትመጣ የመኖሪያ ፈቃዷ በእርስዎ ላይ ይንጠለጠላል። ቋንቋው፣ ገንዘቡ፣ መንገዱ ሁሉ በእርስዎ እጅ ነው። ይኸም ያው ጀልባ ነው። ወድዳዎት ይሁን ይዛዎት እርስዎም አያውቁ፣ እሷም አታውቅ። ለሁለታችሁም አልመኘውም። በፌስቡክ የሚጽፉልዎትም ካሉ፣ በአካል ላላገኙት ሰው ብር አይላኩ። በተለይ የሆስፒታል ብር።

ባልደረቦችዎንም አይርሱ። የናፈቀዎት ባሕሩ ብቻ አይመስለኝም። ጠባብ ኩሽና ውስጥ ለሳምንት አብረው የበሏቸው ሰዎች ናቸው። ካልደወሉ ረስተውኛል አይበሉ። ብዙ ኖርዌጂያን ሳይጠራ ሰው ቤት መሄድ ድፍረት ይመስለዋል። እርስዎ ይጥሯቸው። ዶሮ ወጥ ቀምሰው ያውቃሉ?

በመጨረሻ ወደ ጎደለችው መስመር ልመለስ። ይህን ሁሉ ለማድረግ የሚከብድዎት መሥራቱ አይሆንም፤ መቀበሉ ነው። ሰው ሲሰጥዎት «የለም፣ የለም፣ ተቸገርሽ» ብለው የሚነሱ ሰው ይመስሉኛል። ስለ ልጆችዎ የጻፉት እንኳ «ራሳቸውን ችለዋል» የሚል ብቻ ነው። እንደዳኑ ሰዎች ነው የጻፏቸው። ወርደው እንደሄዱ።

ስለዚህ ለዚህ ሳምንት አንድ ሥራ ብቻ ልስጥዎት። ትንሿ ልጅዎ ከእርስዎ የባቡር ሁለት ሰዓት ርቀት ላይ እንደምትኖር ጽፈውልኛል። ይደውሉላት። «ደህና ነኝ» ብለው አይጀምሩ። «ሌሊት እየነቃሁ ተቸግሬያለሁ፤ ብትመጪ ደስ ይለኛል» ይበሏት። መፍትሔ እንድታመጣ አይጠብቁ። ስትመጣ ቡናውን እሷ ታፍላ። ረከቦቱን ለማምጣት፣ ሲኒ ለማጠብ፣ ውሃ ለመቅዳት አይነሱ። ሦስተኛው እስኪጠጣ ድረስ ቁጭ ይበሉ። ከዚያ እንዴት እንደነበረ ይጻፉልኝ።